የሰሜን ጅቦችና የአቦይ አህያ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በሣር ምድር ስለሚኖሩ የዱር አጥቢ እንስሳት ጠባይ የሚያወራ ምዕራፍ አለብኝ። በየዓመቱ እዚያ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ አንበሳ አይተህ ታውቃለህ?» ይለኛል። አላውቅም። ዝሆንም አላየሁም። ዜብራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ የአስፋልት ማቋረጫው ነው፤ እሱም ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቷል። ከዚያ ሁሉ እንስሳ በዐይኔ አይቼ የምመሰክረው ስለ ጅብ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ፈልጌው አልሄድኩም፤ ደጄ ድረስ የመጣው እሱ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። መቀሌ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ ከሚያስወጣው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። አከራዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው አዛውንት ናቸው። ሁላችንም «አቦይ» እንላቸዋለን፤ አባቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም «ወደይ» ይሉኛል፤ ልጄ ለማለት። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ ስለሚያስቃቸው ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ከጎኔ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ትኖራለች፤ ባሏ ሥራው ሌላ አገር ነው። ከእነሱ ሌላ በግቢው ያለችው አህያዋ ነበረች።

አቦይ በጋሪ ውሃ እያመላለሱ ነው የኖሩት። አህያዋም ከጋሪው ጋር ነው ያረጀችው። የደንበኞቹን በር አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ማንም ሳያዛት ትቆማለች። አቦይ ገመዷን ከበሩ ብረት ላይ ጣል ያደርጉና ጀሪካን ማውረድ ይጀምራሉ። እሷም አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። መንገዱ በተዘጋበት፣ ነዳጅ ድራሹ በጠፋበት ጊዜ ይህ ሰፈር ጉሮሮውን ያረጠበው በእሷ ጉልበት ነው። እኔም ከዚያ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ከእንስሳ ጋር የሚያወራ ሰው ድሮም ያናድደኛል። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንገቷን በክፍሌ በር አስገብታ ድርቅ ትላለች። «ደግሞ ምን ፈለግሽ?» እላታለሁ። የሙዝ ልጣጭ እሰጣታለሁ። ከዚያ ሳላውቀው ስለ ርዕሰ መምህሩ ማማረር እጀምራለሁ። ጆሮዋን እያማታች ትሰማኛለች። ከባልደረቦቼ መሃል እንደ እሷ የሚያዳምጠኝ አንድም የለም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቁልቁለቱ ጋ አንድ ባጃጅ ፍሬን እምቢ ብሎት የኋላ እግሯን መታት። መጀመሪያ ትንሽ አነከሰች። በሳምንቱ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ መግል ያዘ። አቦይ በጨው ውሃ እያጠቡ፣ ጨርቅ እያሰሩ ሰነበቱ። የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየና «አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ጋሪ አትጎትትም፤ አይድንም» አለ። ወደ ጎን ወስጄ በመርፌ ሳትሰቃይ ማሳረፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። መድኃኒቱ የለም አለኝ። ቢኖርም አቦይ አይፈቅዱም ነበር። «እኔ ያገለገለችኝን አላስገድልም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንሳት ቀርቶ ወደዚያ መጠጋትም አልተቻለም።

ጅቦቹ የመጡት በቁስሉ ነው። ጅብ ሽታ ከሩቅ እንደሚለይ ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ ስንት ጊዜም ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ። ግን ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ተነስቼ ውዱእ ሳደርግ ነው። የሚያሸት ነገር ድምፅ ሰማሁ። ረጅም፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል ትንፋሽ ነበር። ዞር ስል ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ መሬቱ ጎድጎድ ባለበት፣ ጥቁር አፍንጫ ገብቷል። አህያዋ ከግንቡ ተለጥፋ ቆማ ቆዳዋ ይርገፈገፋል። አላናፋችም። የያዝኩትን የውሃ ጆግ ወረወርኩበት። አፍንጫው ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ በሌላ በኩል ገባ።

ከዚያ በኋላ አልቀሩም። ሊነጋ ሲል መምጣት ልማድ አደረጉት። የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ብንደፍነው አጠገቡ ይቆፍራሉ። የጅብ መንጋ አለቃ ሴት ናት፤ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ወንዶቹ ከኋላ ይከተላሉ። ይህንንም አስተምራለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳያቸው ትልቋ ትቆፍራለች፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስርዓታቸው አስቀናኝ፤ ከዚያም አስፈራኝ። የሽንት ቤታችን በር ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ በጠዋት ይነሳሉ።

እናትየው ብዙ ቻለች። አንድ ቀን ግን አቦይ ፊት ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «አቦይ፣ እኔ አህያዋን ጠልቼ አይደለም። ልጆቼን ግን የት ልደብቃቸው?» አለች።

«ሕራይ ጓለይ» አሉ አቦይ። እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። ለማኩረፍ እንኳን ምክንያት አላገኙም።

እዚህ ሥራዋን የጨረሰች አህያ አትገደልም፤ ትለቀቃለች። ባለቤቷ ራቅ አድርጎ ይወስዳታል፤ ገመዷን ያወልቅላታል፤ ሳይሰናበት ይመለሳል። የተለቀቁት ከከተማው ዳር፣ ቁሓን አለፍ ብሎ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ባለው ሜዳ ላይ ይሰባሰባሉ። ሲመሽ አስፋልቱ ዳር ወጥተው ጭራ ለጭራ ገጥመው ይቆማሉ፤ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው፤ የመኪና መብራት ጅቡን ስለሚያርቅላቸው ከመንገዱ አይርቁም። የመጽሐፋችን የሜዳ አህዮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማንም አላስተማራቸውም፤ እርስ በርስም አይተዋወቁም።

የወሰድናት ቅዳሜ ነው። ከቀትር ሶላት በኋላ ተነሳን። የእሷ እግር እግር አልነበረምና ቁሓ ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። መንገድ ላይ አቦይን ለማጽናናት አፌ አላረፈም። አህዮቹ እንዴት እንደሚተባበሩ፣ ብቻዋን እንደማትሆን፣ ጅብ በቡድን የቆመ እንስሳ እንደማይደፍር እየነገርኳቸው ሄድኩ። ሰምተው ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ ወደይ። ቶሎ ነው የሚጨርሳት?»

አንበሳ አንገት አንቆ ይገድላል። ጅብ አያንቅም፤ ከኋላ ነው የሚጀምረው፤ የሚጀምረውም ሳይገድል ነው። ዐይኔን በጨው አጥቤ «ወዲያው ነው አቦይ፤ አታውቀውም እንኳን» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። እዚህ አገር ተወልደው፣ እዚህ አገር አርጅተው፣ ስለ ጅብ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ግን «ተመስገን» አሉ። ከአፌ እንዲወጣ የፈለጉትን ነው የሰጠኋቸው።

ሜዳው ላይ ገመዷን አወለቁላት። ግንባሯን በእጃቸው አበሱ። ከዚያ ጀርባችንን ሰጥተን ስንሄድ ኮቴዋን ከኋላችን ሰማን። ቆምን፤ ቆመች። ሄድን፤ መጣች። አቦይ በዚያ ሁሉ ዓመት ዱላ ሲያነሱባት አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና ወረወሩባት። አልመታትም፤ እግሯ ሥር ወደቀ። አሸተተችው። ሁለተኛው ደረቷን አገኛት። ያኔ ቆመች። አቦይ ባጃጅ ውስጥ ገብተው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑና እስከ ሰፈራችን አላወረዱትም።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፈተና እያረምኩ የግቢው በር ገጭ ገጭ ሲል ሰማሁ። ማንኳኳት አልነበረም። አቦይ ከእኔ ቀድመው ወጡ፤ ጫማም አላደረጉም። አህያዋ ነበረች፤ በሩን በግንባሯ ትገፋዋለች። ያንን ሁሉ መንገድ በሦስት እግር መጥታለች። ታፋዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ሥጋ ተገንጥሏል፤ ደሙ እስከ ሰኮናዋ ወርዶ ደርቋል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እናትየው እንኳን ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

«አየህ ወደይ?» አሉ አቦይ፣ ቁስሏን እያጠቡ። «ነካክሰዋታል፤ አልያዟትም። ያልታሰረች ስለሆነች ነው። ለዚህ ነው የሚለቀቅ እንስሳ የማይታሰረው። ምን ብትታመም፣ ምን ብታረጅ፣ እግሯን ለእሷ መተው አለብህ። ያሰራት ሰው ገዳይዋ ነው።»

ያን ቀን አመሻሽ ግቢያችን ሠርግ ቤት መሰለ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ሊነጋ ሲል ግን ደሙን ተከትለው መጡ፤ ከበፊቱ ይበዛሉ። ትልቋ ጅብ ቆርቆሮውን በጀርባዋ ቀና አድርጋ እስከ ትከሻዋ ገብታ ነበር። እኔ በአካፋ፣ አቦይ በዱላ፣ እናትየው ድስት እየደበደበች በጭንቅ አስወጣናት። ትንሹ ልጅ በድንጋጤ ሱሪው ላይ ሸና። ሲነጋ መባል ያለበት ነገር ግልጽ ነበር።

አቦይ ግንቡ ሥር ተቀምጠው «እኔ ሁለተኛ ድንጋይ አልወረውርባትም» አሉ። «አቅሙም የለኝ፣ ልቡም የለኝ። አንተ ውሰዳት። አንተን ትወዳለች። አትሰራት ብቻ።»

«እሺ አቦይ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ድንጋይ አራግፎ ወደ ቁሓ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ። በመኪና ከሄደች መንገዱን አታውቀውም ብዬ ነው። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሦስት ሰው ጠርቶ ተሸክመው ጫኑልኝ። ሜዳው ላይ ስናወርዳት አምስት አህዮች ከአስፋልቱ ፈንጠር ብለው ይግጡ ነበር። ገመዷን ይዤ ወደ እነሱ ወሰድኳት። ይኼኔ ያስተማርኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ። አሸተቷት። ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። አንዷ ዞራ በእርግጫ ደረቷን አለቻት፤ ከዚያ አምስቱም ተያይዘው ራቁ። ተከተልናቸው፤ ደግመው ራቁ። የሸተታቸው ደሟ ነው። ከእሷ ጋር መቆም ማለት ጅብ መጥራት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ገመዷን አወለቅኩና ወደ መኪናው መሄድ ጀመርኩ። ተከተለችኝ። ጮህኩባት። ድንጋይ ወረወርኩ፤ መታኋትም። እሷ እያነከሰች መጥታ ጭንቅላቷን ጎኔ ላይ አሳረፈች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ያሰማል፤ ደግ ቢሆንም እሱም ቤት አለው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መብራቶች በርተዋል። እጅ እግሬ ተሳሰረ። ዝም ብዬ ብሄድ ትከተለኛለች፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በሩን ትገፋለች፤ ጅቦቹ ከኋላዋ ይመጣሉ፤ ልጆቹ አሉ፤ አቦይም ይህን ለሦስተኛ ጊዜ ማየት አለባቸው። እንዲህ አሰብኩ። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ደከመኝ፣ እንዲያልቅልኝ ፈለግኩ። የትኛው እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከድሮ አጥር የተረፈ የብረት ቋሚ መሬት ውስጥ ተተክሎ ነበር። ገመዱን መልሼ አንገቷ ላይ አገባሁና አሰርኳት። መኪናው እስኪርቅ ነው፣ ላላ አድርጌ ነው፣ ጎተት ብታደርገው ይፈታል እያልኩ ለራሴ አወራሁ። እጄ ግን የሠራውን ያውቃል፤ ሁለቴ ነው የቋጠረው።

ትታገላለች፣ ታናፋለች ብዬ ነበር። ምንም አላደረገችም። አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ደንበኛ በር ላይ እንደምትቆመው። እንደምመለስ እርግጠኛ ነበረች። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ በመስታወቱ አላየኋትም፤ ላያት አልቻልኩም።

አቦይ ደጅ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «አሰርካት?» አሉኝ።

«አላሰርኳትም።»

«ጎሽ ወደይ» አሉና ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ። ምን ነበር በዚያ እጃቸው ባልነኩኝ።

ዐይኔን ሳልከድን ነጋ። ሱብሒን ሰግጄ በመጀመሪያው ባጃጅ ወጣሁ፤ ምናልባት ብዬ፤ እንዲያው ምናልባት። ጅብ የሚተወው ነገር የለም፤ ይህንንም አስተምራለሁ፤ አጥንቱን ከነመቅኑ፣ ሰኮናውን ሳይቀር ይበላል። ብረቱ ሥር መሬቱ ክብ ሆኖ ታርሷል። ገመዱ የሚያደርሳትን ያህል ዞራለች፤ ዞራ ዞራ ተጠቅልሎ አጥሯል። ቋጠሮው አልተፈታም። ቶሎ እንዳልነበረ መሬቱ ይናገራል። ሳሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ገመዱን በጥርሴ ፈትቼ ፈፋ ውስጥ ጣልኩትና ወደ ክፍሌ ተማሪዎች ሄድኩ፤ ረፍዶብኝ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ ተቆጣኝ።

ለአቦይ ያን ዕለት ማታ ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፤ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ግን ስገባ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው፣ ነፋስ እንዳይዘጋው ሥሩ ድንጋይ ሲያደርጉ አገኘኋቸው።

«ባለፈው በሁለተኛው ቀን ነው የመጣችው» አሉኝ። «አሁን እግሯ ስለባሰባት በሦስተኛው ይሆናል። በሩን እየገፋች ግንባሯ እንዳይቆስል ብዬ ነው።»

ሦስተኛው ቀን አለፈ። ሳምንት አለፈ። ጅቦቹ ወደ ግቢያችን መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሚያመጣቸው ነገር የለማ። እናትየው ለልጆቿ ፈርታ በሩን ስትዘጋው አቦይ ተነስተው ይከፍቱታል። አሁን እሷም ትታዋለች። በዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ወደ አስፋልቱ ዐይናቸውን ይጥላሉ። በየቀኑ እሳቸውን አልፌ እገባለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው የሚጠብቁትን ነገር እወስድባቸዋለሁ፤ ባልነግራቸው እንዲህ ሲጠብቁ ይሞታሉ። ሁለቱንም አልችልም።

ትናንት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ፤ «አቦይ» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ታውቃለህ ወደይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያስራት ነበር» አሉ። «መሽቶበት፣ ደክሞት፣ እምቢ ብላው ያስራት ነበር። ሰው ነው። ለዚህ ነው ለአንተ የሰጠሁት። አንተ ስላላሰርካት ነው እኔ እዚህ የምቀመጠው።»

ብርድ ብርድ ሲላቸው አየሁና ጋቢያቸውን አነሳሁላቸው። ወደ ክፍሌ ስገባ በሩን ነፋስ ገፍቶት ሊዘጋ ነበር፤ ተመልሼ ድንጋዩን አስጠጋሁት።